ሁለተኛው ጊዜ

የጡት ካንሰር መጀመሪያ የያዘኝ ጊዜ ሁሉም ሰው መጣ። ዘመዱ፣ የዕድሩ ሰው፣ የሥራ ባልደረባው፤ ቤቱ ጠበበን። ካንሰሩ ተመልሶ አጥንቴ ላይ ሲገኝ ግን የሚመጣው ሰው ቀነሰ፤ የመጣውም የሚለው ይጠፋዋል። አልፈርድም። ሰው የለመደው «ታመመች፣ ታከመች፣ ተመስገን ዳነች» የሚለውን ነው።

የጡት ካንሰር፣ በተለይ በሆርሞን የሚያድገው ዓይነት፣ ከ10 ዓመት በኋላም ሊመለስ ይችላል። ታሞክሲፌን የተባለው ክኒን ቢያንስ 5 ዓመት የሚዋጠውም ይህን ስጋት ለመቀነስ ነው። እኔም ሳላቋርጥ ውጬዋለሁ። ስለዚህ «ምን በልተሽ ይሆን?»፣ «ተናደሽ ነበር እንዴ?» እያላችሁ ጥፋት አትፈልጉልኝ።

ኬሞውን አውቀዋለሁ። ቀዩን መድኃኒት (ዶክሶሩቢሲን፣ ሽንት ሳይቀር የሚያቀላውን)፣ የአፍ ቁስሉን፣ ትራስ ላይ የሚቀረውን ፀጉር። ማወቁ ያስፈራል፤ ደግሞም ይጠቅማል፤ የማቅለሽለሹን ክኒን እስኪያስመልሰኝ አልጠብቅም።

ያልለመድኩት ሌላ ነው። የምርመራውን ውጤት ሐኪሙ ቀድሞ የነገረው ለወንድሜ ነበር። ቤት ውስጥ ሁሉም ተማክሮ «የወገብ ሕመም ነው» አሉኝ። እንዳልደነግጥ! አንዴ ያለፍኩበት ሰው ነኝ፤ የአጥንት ስካን ለምን እንደሚታዘዝ አይጠፋኝም። በፍቅር እንዳደረጉት አውቃለሁ፤ ያም ሆኖ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ሕክምናውን የምወስነው እኔ ነበርኩና።

ቤታችሁ የታመመ ካለ፣ እባካችሁ ውጤቱን ለራሱ ንገሩት። እኔ ዘንድ ደግሞ ቡና ልትጠጡ ኑ፤ ስለ በሽታው ባናወራም ይሆናል።