ከዱከም እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ብዙዎቻችሁ ዱከምን የምታውቋት በመኪና መስኮት ሳይሆን አይቀርም። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ርቃችሁ የቆሙትን ከባድ መኪኖችና ግራና ቀኝ ያሉትን ሥጋ ቤቶች አይታችሁ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ አዳማ ታልፋላችሁ። እኔ ግን ከዚያች ከተማ ሰው ሸኝቻለሁና ስለ ሌላ መንገድ ላጫውታችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በጥር ወር፣ አንዲት እህታችን ዋሽንግተን ወዳለው ባለቤቷ ሄደች። ከተጋቡ አራት ዓመት ሆኗቸዋል፤ አብረው የኖሩት ግን አንድ ወር ብቻ ነው። እርሱ ለሠርጉ የመጣው በቀጥታ በረራ ስለነበር፣ «13 ሰዓት ነው፣ አታስቡ» ብሎ ለቤተ ሰቡ ነግሯል።

ከቦሌ ተመልሰን እናቷ ዘንድ አደርኩ። አውሮፕላኑ የተነሣው ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። በማግስቱ ጠዋት 5 ሰዓት ሲሆን እማማ ስልኩን ጭናቸው ላይ አደረጉ። 6 ሆነ፣ 7 ሆነ። ቡናው ቀዘቀዘ። «ልጄን ምን አገኛት?» ብለው ተንበረከኩ፤ እኔም አብሬያቸው። የመጋቢ ሚስት ነኝና አጽናናቸዋለሁ፣ ነገር ግን የእኔም ጉልበት ይንቀጠቀጥ ነበር። ስልኩ የጮኸው 10 ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ለካስ መንገድ ላይ ደብሊን አርፈው ነዳጅ ቀድተዋል!

ነገሩ እንዲህ ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት በአየር ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል፤ አውሮፕላኑ ሙሉ መንገደኛና ለዚያ ሁሉ ርቀት የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብደዋል። ስለዚህ መንገድ ላይ ያርፋል፤ ጉዞው 17 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሲነሣ ነዳጁን ሞልቶ፣ ከምዕራብ የሚነፍሰውም ነፋስ ከኋላ እየገፋው፣ ሳያርፍ 13 ሰዓት ባልሞላ ወይም በዚያው አካባቢ ይገባል። ባልየው አልዋሸም፤ የነገራቸው የመምጫውን ነው።

እናንተ በሩቅ ያላችሁ ባለትዳሮች፣ ለቤተ ሰብ የበረራውን ርዝመት ብቻ አትንገሩ። የሚያርፍበትን ከተማና የሚደርስበትን ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ጻፉላቸው። ዋሽንግተን በክረምታቸው 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ከእኛ ወደኋላ ነው። ለፍተሻና ለሻንጣም አንድ ሁለት ሰዓት ጨምሩ።

ከዱከም ቀጥሎ ባለችው ቢሾፍቱ አቅራቢያ የአዲሱ ኤርፖርት ግንባታ በጥር 2018 ዓ.ም. ተጀምሯል። ቦታው ከቦሌ በመቶዎች ሜትር ዝቅ ስለሚል አውሮፕላኖች የበለጠ ጭነው ይነሣሉ ተብሎ ይጠበቃል።

ያን ዕለት ይህን ሁሉ ለእማማ ሳስረዳ ዝም ብለው ሰሙኝና፣ አዲስ ቡና እየቆሉ፣ «ታዲያ መምጫው ነው የሚቀርበው በዪኛ!» አሉኝ።