ጣትና ቁልፍ

በዚህ መጽሔት ስለ ፍልስፍና፥ ስለ ግጥምና ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮ ብዙ ተጽፏል። ስለ ኮምፒዩተር የተኩስ ጨዋታ ግን ብዕሩን ያነሣ ሰው አላየንም፤ ምናልባት ነገሩ ለኅትመት የማይበቃ ተራ ነገር መስሎ ስለ ታየ ይሆናል። እኛ ግን በየሳምንቱ ቅዳሜ ከቀትር በኋላ የምንከራከርበት፥ አንዳንድ ጊዜም ሁለትና ሦስት ቀን የምንኳረፍበት ጉዳይ ስለ ሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልወደድንም። ጉዳዩም ይህ ነው፤ ለየትኛው ሥራ የትኛውን ቁልፍ፥ ለየትኛውስ ቁልፍ የትኛውን ጣት መመደብ ይገባል?

«እኛ» የምንለው አምስት ነን። አንዱ ከነፋስ መውጫ፥ አንዱ ከአርብ ገበያ፥ አንዱ ከወገዳ፥ ሁለቱ ከመካነ ኢየሱስ፤ ማለትም ከላይ ጋይንት፥ ከታች ጋይንት፥ ከስማዳና ከእስቴ። የምንጫወተውም ካውንተር ስትራይክን፥ እርሱንም አሮጌውን 1.6 የተባለውን ነው። ይህ ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣ ስለ ሆነ ከመካከላችን ታናሾቹን በዕድሜ ይበልጣቸዋል። ስለምን አዲሱን ትታችሁ አሮጌውን ያዛችሁ የሚለን ሰው አይጠፋም። አንደኛ፥ ያረጀ ኮምፒዩተር ሁሉ ይሸከመዋል። ሁለተኛ፥ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታውጆ በክልላችን የስልክ ኢንተርኔት በተቋረጠ ጊዜ ፐብጂና ፍሪ ፋየር በየኪሱ ሲሞቱ፥ ይህ ሽማግሌ ጨዋታ ግን ኮምፒዩተሮቹን በገመድ ማያያዝ ብቻ በቅቶት ይሠራ ነበር። በክፉ ቀን ያልተለየን ወዳጅ በደግ ቀን መተው ነውር ነው ብለን አብረነው ቀረን።

ለማያውቀው አንባቢ ጥቂት እናስረዳ። በዚህ ጨዋታ ቀኝ እጅ ማውሱን ይዞ ያነጣጥራል፤ የማውሱ ግራ ቁልፍ ይተኩሳል፥ ቀኝ ቁልፉ ደግሞ መነጽር ያለውን ጠመንጃ መነጽሩን ያቀርባል። ግራ እጅ በኪቦርዱ ላይ ሆኖ ይራመዳል። እኛ ቁልፎቹን በእንግሊዝኛ ስማቸው አንጠራቸውም፤ አማርኛ ስንጽፍባቸው በሚሰጡን ፊደል እንጠራቸዋለን። ስለዚህ «ው» ወደ ፊት፥ «ስ» ወደ ኋላ፥ «አ» ወደ ግራ፥ «ድ» ወደ ቀኝ ያስኬዳል። «ር» ጥይት ያጎርሳል፥ «ብ» መሣሪያ ይገዛል፥ «ግ» የያዙትን ይጥላል፥ «እ» በር ይከፍታል፥ ቦምብም ያከሽፋል። ረጅሙ ቁልፍ ያዘልላል፥ ኮንትሮል ያስጎነብሳል፥ ሺፍት ደግሞ ኮቴ ሳያሰሙ ያስኬዳል። ይህ የጨዋታው ሠሪዎች የሰጡት ድልድል ነው። ድልድሉን ያልወደደ ሰው ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ እንደ ወደደ ያደርገዋል፤ ጠቡም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው።

ድልድሉ ከሰማይ አልወረደም። እ.ኤ.አ. በ1993 ዱም የተባለው ጨዋታ ሲወጣ ሰው የሚራመደው በአራቱ የቀስት ቁልፎች፥ የሚተኩሰውም በኮንትሮል ነበር። ኋላ በማውስ ማነጣጠር ሲለመድ ቀኝ እጅ የቀስቶቹን ሥራ ትቶ ሄደ፤ መራመድም ለግራ እጅ ወደሚመቸው ወደ ፊደሎቹ ሰፈር ተሰደደ። በ1997 ዴኒስ ፎንግ፥ በጨዋታ ስሙ ትሬሽ የተባለው ወጣት፥ በኩዌክ ውድድር አሸንፎ ከጨዋታው ሠሪዎች አንዱ የሆነውን የጆን ካርማክን ፌራሪ መኪና ተሸለመ። እርሱም በ«ው፥ አ፥ ስ፥ ድ» ይጫወት ስለ ነበር ብዙ ሰው ጣቱን እንደ እርሱ አስቀመጠ፤ በዓመቱ የወጣው ሃፍ ላይፍም ይህንኑ ድልድል ይዞ መጣ። የፊደሎቹ ሰልፍ ራሱ ግን ከጨዋታ ጋር ዝምድና የለውም፤ በ1870ዎቹ በአሜሪካ ለጽሕፈት መኪና የተደረደረ ነው። የእኛው ኢንጂነር አያና ብሩም መኪናውን አማርኛ ሊያስጽፈው በተነሣ ጊዜ፥ ከሁለት መቶ የሚበልጡትን ፊደሎቻችንን በዚያች ጠባብ ገበታ ላይ ለማስፈር መድከም ነበረበት። ከእርሱ ጭንቀት ጋር ሲተያይ የእኛ ጭንቀት የቅንጦት ነው።

ቢሆንም ጭንቀት ነው። ጣት አንድ ጊዜ የለመደውን አይለቅም። ይህን ለመረዳት የገበሬ ልጅ ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። በአገራችን በሬ ሲገዛ ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ «ቀኝ ነው ወይስ ግራ?» የሚለው ነው። በቀኝ የተገራውን በሬ ወደ ግራ አዙረህ ብትጠምደው ጉልበቱ ያው ነው፥ ቀንበሩም ያው ነው፤ ትልሙ ግን ይጣመማል፥ አራሹም ሲሳደብ ይውላል። ከሰው ኮምፒዩተር ላይ በሰው ድልድል መጫወትም እንዲሁ ነው። ጥይት ላጎርስ ብለህ «ር»ን ስትጫን፥ ከአንተ በፊት የተቀመጠው ሰው «ር»ን መሣሪያ መጣያ አድርጎት ከሆነ በጠላት ፊት ባዶ እጅህን ትቆማለህ።

የወገዳው ጓደኛችን እጁን አንድ ቁልፍ ወደ ቀኝ አሳልፎ በ«እ፥ ስ፥ ድ፥ ፍ» ይራመዳል። ምክንያቱም «ፍ» ላይ ጣት የምታውቃት ትንሽ ጉብታ አለች፤ ሳያይ ቦታውን ያገኛል። እንዲሁም ለትንሿ ጣቱ በስተ ግራ ተጨማሪ ቁልፎች ይተርፏታል። «በጨለማ እንኳ አልስትም» እያለ ይመካል፤ (መብራት ሲጠፋ ኮምፒዩተሩም አብሮ እንደሚጠፋ ብዙ ጊዜ አስታውሰነዋል)። የአርብ ገበያው ደግሞ የሚዘልለው የማውሱን መንኰራኩር ወደ ታች በማንከባለል ነው። መንኰራኩሩ ባንድ ዙር ብዙ ትእዛዝ ስለሚልክ እግሩ መሬት በነካ ቅጽበት ዝላዩ ይያዝለታል፤ በረጅሙ ቁልፍ ግን ያን ቅጽበት መጠበቅ የራሱ የጣት ፈንታ ነው። እኛ የቀረነው፥ ይህ ሁሉ ዝላይ ወዴት ለመድረስ ነው እንለዋለን።

ከመካነ ኢየሱስ ሁለቱ አንዱ ግራኝ ነው። በልጅነቱ ማዕድ ላይ ግራ እጁን በሰደደ ቁጥር እየተመታ በቀኙ መብላትን ለመደ፤ ትምህርት ቤትም በቀኙ መጻፍን ለመደ፤ ማነጣጠርን ግን በቀኝ እጁ ሊለምድ አልቻለም። ስለዚህ ማውሱን በግራው ይይዛል፥ በቀኙ ደግሞ በቀስቶቹ ላይ ይራመዳል፤ የቀረውንም ሥራ ሁሉ ቀስቶቹን በከበቡት ቁልፎች ላይ አስፍሮታል። ጨዋታ ቤቱ ለእንዲህ ያለ ሰው አልተሠራም። የማውሱ ገመድ ወደ ግራ አይደርስም፤ ወንበሮቹም ከመጠጋጋታቸው የተነሣ የእርሱ የግራ ክርንና የጎረቤቱ የቀኝ ክርን ሲዋጉ ያመሻሉ። አሁን በግራው ጫፍ፥ በግድግዳው በኩል ያለው ወንበር የእርሱ ነው ብለን ወስነናል፤ የጨዋታ ቤቱ ባለቤትም «ጋሼ፥ እባክዎን ያችን ቦታ ለእርሱ» ባልናቸው ጊዜ ረዘም ያለ ገመድ ያለው ማውስ ፈልገው አመጡለት።

አንድ ነገር ደግሞ ለጀማሪዎች እናክል፤ ምክንያቱም ብዙ ንጹሕ ሰው ያለ ጥፋቱ ተሰድቦበታልና። በርካሽ ኪቦርድ ላይ ሦስት ቁልፍ አንድ ጊዜ ሲጫኑ ሦስተኛው አንዳንዴ አይሰማም። ቁልፎቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ሽቦ የላቸውም፤ እንደ እርሻ መደብ በአግድምና በቁም መስመር ተያይዘው፥ ኪቦርዱ የተጫኑትን የሚለየው መስመሮቹ ከተገናኙበት ቦታ ነው። ከሦስቱ ቁልፎች ሁለቱ ባንድ አግድም፥ ሁለቱ ደግሞ ባንድ ቁም መስመር ላይ የወደቁ እንደ ሆነ አራተኛውም የተጫነ ይመስለዋል፤ ሐሰተኛ ቁልፍ እንዳይመዘግብም ሦስተኛውን ይተወዋል። ስለዚህ እየሮጥህ፥ እየጎነበስህ ጥይት ለማጉረስ ብትሞክርና እምቢ ቢልህ ጣትህን አትውቀስ፤ ከሦስቱ አንዱን ወደ ሌላ ቁልፍ አዛውር። ወደ ማውሱ ብታዛውረው ደግሞ የተሻለ ነው፤ ማውሱ ከኪቦርዱ መስመር ውስጥ የለበትም።

አሁን ወደ ዋናው ክርክር እንምጣ። የነፋስ መውጫው ጓደኛችን ያለ ድምፅ ይጫወታል። ማዳመጫውን አንገቱ ላይ ያንጠለጥለዋል እንጂ ጆሮው ላይ አያደርገውም። ብዙ ጊዜ አልጠየቅነውም፤ በኋላ ራሱ በሁለት ዐረፍተ ነገር ነገረንና ዝም አለ። ድሮ በአገራችን ጥይት ሲሰማ ሰው ጆሮውን ቀና አድርጎ «ለቅሶ ነው ሠርግ?» ይል ነበር። ከነሐሴ 6 እስከ ነሐሴ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የሕወሓት ተዋጊዎች ነፋስ መውጫን ይዘው በቆዩበት ሰሞን ግን እንዲያ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። በዚያ ሰሞን በከተማይቱ ሴቶች ላይ የደረሰውን ግፍ አምነስቲ ኢንተርናሽናል እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2021 አውጥቶታል። ጓደኛችን በዚያ ጊዜ የሰማውን እኛ እዚህ አንጽፍም፤ የእርሱ ነውና።

«ታዲያ የተኩስ ጨዋታ ምን አመጣህ?» ብሎ የጠየቀው ከመካከላችን አንዱ ነው፤ ጥያቄው ክፋት አልነበረበትም። እርሱም «ማነጣጠሩን እወደዋለሁ፤ የማልወደው ድምፁን ነው» አለ። ነገሩ እውነት ነው። ልጅ ሆኖ ገብስ ሲጠብቅ ጭላዳ የሚያባርረው በወንጭፍ ነበር። የወንጭፉን አንዱን ጫፍ በጣት አጥልቆ ሌላውን በትክክለኛው ቅጽበት መልቀቅ የሚያውቅ ልጅ፥ የማውሱን ግራ ቁልፍ መቼ መጫን እንዳለበት የሚያስተምረው ሰው አያስፈልገውም። ከአምስታችንም አንደኛው ተኳሽ እርሱ ነው።

ችግሩ ይህ ነው። በዚህ ጨዋታ ግማሹ ወሬ የሚመጣው በጆሮ ነው። የሚሮጥ ሰው ኮቴው ይሰማል፤ ሺፍትን ይዞ የሚሄድ ግን አይሰማም። ድምፅ የዘጋ ሰው ከኋላው የሚመጣውን አያውቅም። የቴክኖሎጂ ፋኩልቲ ልጆች ይህን አወቁበትና ሁልጊዜ በእርሱ በኩል ይመጡብን ጀመር። ሦስት ቅዳሜ ተሸነፍን። አንዱም «ወይ ማዳመጫውን ያድርግ፥ ወይ ሌላ ሰው እንፈልግ» አለ። እርሱም ሰምቶ «ፈልጉ፥ እኔ አልቀየምም» አለ። አነጋገሩ የእውነት ስለ ነበረ ሁላችንም አፈርን።

መፍትሔውን ያመጣው ግራኙ ነው። ጨዋታው ለጓደኛ መልእክት የሚልክበት ሬዲዮ አለው፤ «ች»ን ተጭነህ «2»ን ስትነካ «ጠላት ታየ» የሚል ድምፅ ይሰማል፥ በጽሑፍም በእያንዳንዱ ጓደኛ መስታወት ላይ ይወጣል። ድምፁ የማይሰማው ሰው ጽሑፉን ያነባል ማለት ነው። ነገር ግን በተኩስ መካከል ሁለት ቁልፍ መንካት ረጅም ነው። ስለዚህ በማስተካከያው ፋይል አንድ መስመር ጽፎ ሁለቱን ባንድ ቁልፍ ማሰር ያስፈልጋል። «ይሁን፥ ግን በየትኛው ቁልፍ?» ብለን ተቀመጥን። ሁላችንም አንድ ቁልፍ ይሁን ያልንበት ምክንያት የምንቀመጥበት ኮምፒዩተር በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ነው። የወገዳው በ«ቅ» ላይ ይሁን አለ፤ ለግራኙ አይደርስም። ሌላው የቀኙን ኮንትሮል አነሣ፤ ለእኛ ለአራታችን አይደርስም። በመጨረሻ ግራኙ ማውሱን አንሥቶ አሳየን። መንኰራኩሩ በሁለቱ ቁልፎች መካከል ነው፤ ማውሱ በቀኝም ቢያዝ በግራም ቢያዝ መሐሉን ጣት ያገኘዋል።

መንኰራኩሩ ግን ባዶ መሬት አልነበረም። የአርብ ገበያው ይዘልልበታል፤ የወገዳው መሐሉን ተጭኖ የእጅ ቦምብ ያወጣበታል። የወገዳው ተቆጣ። «ጨዋታ ልንጫወት ነው እንጂ ለጽድቅ አልመጣንም፤ ሁለት ዓመት የለመድሁትን!» አለ። የነፋስ መውጫው «ተወው፥ ወንድሜ፥ ይቅር» አለው። የወገዳው መልስ አልሰጠም፤ ወደ ኮምፒዩተሩ ዞሮ ብዙ ቆየ። ኋላ ስናይ ቦምቡን ወደ «ቅ» አዛውሮታል። የአርብ ገበያውም ወደ ረጅሙ ቁልፍ ተመለሰ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ እንደ ሰው ይዘልላል።

ሁለት ሳምንት ያህል ጣታችን ከዳን። የወገዳው ቦምብ እወረውራለሁ እያለ «ጠላት ታየ» ብሎ ያውጃል፤ እኛም ጠላት በሌለበት እንደነግጣለን። በሦስተኛው ሳምንት ነገሩ ተስተካከለ። ያየ ሁሉ መንኰራኩሩን ይጫናል፤ የነፋስ መውጫውም ጽሑፉን ከነላኪው ስም አይቶ፥ ያ ሰው የቆመው ወዴት ነው ብሎ በጥጉ ካርታ ላይ ይመለከትና ወደዚያው ይዞራል። የቴክኖሎጂ ልጆች እንደ ልማዳቸው ከኋላው ሲመጡ ዞሮ ሲጠብቃቸው «ማዳመጫ ጀመረ እንዴ?» እያሉ አንገታቸውን አሰገጉ። ማዳመጫው አንገቱ ላይ ነበር። በዚያ ቀን ሁለት አሸንፈን አንድ ተሸነፍን።

የጨዋታ ቤቱ ኮምፒዩተሮች በተዘጉ ቁጥር ማስተካከያውን ሁሉ ረስተው ወደ ሠሪዎቹ ድልድል ይመለሳሉ። ስለዚህ የአምስታችን የአምስት ዓይነት ፋይል በአንድ ፍላሽ ተይዟል፤ ፍላሹን የሚይዘው የወገዳው ነው። በአምስቱም ፋይል መጨረሻ ላይ የተጻፈችው መስመር አንድ ናት።

ያልተስማማንበት ነገር ገና አለ። ሁለተኛው የመካነ ኢየሱስ ልጅ የራሱን ጥላ ባየ ቁጥር መንኰራኩሩን ይጫናል፤ መልእክቱ ከመብዛቱ የተነሣ የቱን እንደምናምን ጠፍቶናል። አንዳንዶቻችን ለእርሱ ብቻ ከመስመሩ ይሰረዝ እንላለን። የነፋስ መውጫው ግን «ከሚቀር ቢበዛ ይሻለኛል» ብሎ ስለ ተከራከረለት፥ ነገሩ ለመጪው ቅዳሜ ተቀጥሯል።