ማብላትና ማሳደር

አዲስ አበባ ውስጥ ቤት ያጣ ሰው ወሩን የሚቆጥረው በታቦት ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም። ዓርብ ደግሞ መስጊድ ደጅ። ዝክር የሚያወጣ፣ ሙት ዓመት የሚያበላ፣ የስለት ዳቦ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ማብላቱን ምእመኑ ይዞታል፤ ማሳደሩን እንዲህ አጥብቆ የያዘው የለም።

*

በቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ላስቲክ ወጥራ የምታድር እናት አይቻለሁ። ኪዳን ሳይጀመር ላስቲኳን አጥፋ፣ ካርቶኗን ማዳበሪያ ውስጥ ከትታ፣ ያደረችበትን መሬት ትጠርጋለች። የልጇን ፊት በሃይላንድ በያዘችው ውኃ አጥባ፣ ደብተሩን ከብርድ ልብሱ መሐል ታወጣለታለች። «እነሱ ቤት ቢሰጣቸውም አይዙት» የሚል ሰው በገጠመኝ ቁጥር ያንን የተጠረገ መሬት አስባለሁ።

*

በቆዩት አድባራት ግቢ ባለጠጎች ለቤተሰባቸው ያሠሯቸው መቃብር ቤቶች አሉ። ስንቱ አረጋዊ፣ ስንቷ መነኩሲት፣ ስንቱ ከገጠር የመጣ ተማሪ በነሱ ውስጥ ኖሯል! ቤተ ክርስቲያን ድሃ ማሳደርን ለመጀመር አዲስ ትምህርት አያስፈልጋትም፤ ስታደርገው ኖራለች። ነዋሪዎቹ ግን ውል የላቸውም። ግቢው ሊታደስ ነው በተባለ ቀን የሚያሳዩት ወረቀት የለም።

*

በ1967 አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስ ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የነበረው ለቀበሌ ተሰጠ። ኪራዩ እንደረከሰ ቀረ፤ ጥገናውም አብሮ ቀረ። ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ጭቃው እየተቦረቦረ፣ ለድሃው ግማሽ ምዕተ ዓመት ከለላ የሆነው ግን ያ ቤት ነው። ሰፈሩ ሲፈርስ ባለ ውሉ ምትክ ሲጠብቅ ደባሉ ብዙ ጊዜ መዝገብ ላይ የለም።

*

ኮንዶሚኒየም ለብዙዎች ቤት ሆኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። በ2005 ምዝገባ ዝቅተኛ ገቢ ላለው ተብሎ 10/90 የሚባለውም መጣ። ነገር ግን ለመመዝገብ መታወቂያ ያስፈልግ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ደግሞ የቤት ቁጥር ይጠይቃል። ቤት የሌለው ሰው ቤት ለመጠየቅ ቤት ሊኖረው ይገባል ማለት ነው። ይህ ያናድደኛል።

*

ዕድር ለቀብር ብቻ ነው የሚል ካለ የኤችአይቪን ዘመን ይጠይቅ። ያኔ ብዙ ዕድሮች የታመመ አስታመዋል፣ ወላጅ አልባ ልጅ ደግፈዋል። የመበለቲቱ ግድግዳ ሲዘም ቆርቆሮና አጣና አዋጥቶ የሚያቆመው ጎረቤት ነው። ሰፈር ፈርሶ ግማሹ ኮዬ ፈጬ፣ ግማሹ የካ አባዶ ሲሄድ ይህም አብሮ ይበተናል። ለዕድሩ ግምጃ ቤት ካሳ ቢገኝ እንኳ በስም ለሚያውቅህ ጎረቤት ካሳ የለም።

*

የመቄዶንያን መጦሪያ ማእከል ቢኒያም በለጠ በ2002 በቤተሰቡ ቤት ነው የጀመረው። ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ አረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን በማእከሉ ይጦራሉ፤ በአብዛኛው ሕዝብ እያዋጣ። የሚደነቅ ነው። ያቺ መሬት ጠራጊ እናት ግን ጧሪ አትፈልግም። ጤና አላት፣ ልብስ አጥባ ታድራለች። የሚያስፈልጋት በር ያለው አንድ ክፍልና ባለቤቱ በየጊዜው የማይጨምርባት ኪራይ ነው። በማእከሉና በኮንዶሚኒየሙ መካከል የወደቀው ሕዝብ እሷን ነው የሚመስለው።

*

የብዙ አድባራት አጥር በውጭ በኩል ሱቅ ነው። ከሱቁ የሚገኘው ኪራይ ካህን ይቀጥራል፣ ሕንፃ ይሠራል፤ አልቃወምም። የምለምነው ሰበካ ጉባኤው ቀጣዩን ሕንፃ ሲያቅድ አንዱን ፎቅ ለመኖሪያ ክፍሎች እንዲለይ ነው። በነጻ አይሁን፤ ቀን ሠራተኛ በሚችለው ዋጋ፣ በጽሑፍ ውል ይሁን። የ2016ቱ የኪራይ አዋጅ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል፤ ደብሩም በዚያው ይዋዋል። ዋስ ዕድሩ ይሁን። ውሉ ሲመዘገብ ክፍሉ ቁጥር ይኑረው፤ በዚያ ቁጥር መታወቂያ ይውጣ። ማን ይግባ ለሚለው በየበዓሉ የሚመጸውቱት እናቶች ይጠየቁ፤ ነዳያኑን ከነልጆቻቸው ስም ያውቋቸዋል።