ድሬ፦ መንገድ ሲዘጋ የምትከፈት ከተማ

ድሬዳዋ የተወለደችው ባቡር ተራራ መውጣት ስላቃተው ነው። አጼ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የሐዲድ ፈቃድ ሲሰጡ፣ መሥመሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ሐረር ግን ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች የተራራ ከተማ ናት። ያንን ዳገት መቧጠጥ ጊዜም ገንዘብም የሚበላ ሆኖ ስለተገኘ፣ ሐዲዱ በተራራው ግርጌ በቆላው በኩል እንዲያልፍ ተደረገ። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ መጥቶ የቆመበት ሜዳ ከተማ ሆነ።

ወዲያው ሌላ እክል መጣ። የሐዲዱ ኩባንያ ከሰረ፤ ሥራው ለዓመታት ተቋረጠ፤ ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው። በነዚያ ዓመታት መንገደኛው ድሬ ላይ ወርዶ ያድራል፣ ነጋዴው ዕቃውን ከፉርጎ አውርዶ በግመልና በበቅሎ ያስጭናል። ለአንድ ሌሊት የወረደው ሱቅ ከፈተ፣ ሱቅ የከፈተው አገባ፣ ወለደ። ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ ሐረሪው፣ አማራው፣ ጉራጌው፣ ዓረቡ፣ ግሪኩ፣ አርመኑና ሕንዱ የተገናኙት እንዲህ ነው። ድሬ ሰው ጉዞው የተስተጓጎለበት ከተማ ናት፤ የተስተጓጎለን ሰው መቀበል የምታውቀውም ለዚህ ይመስለኛል።

ተወልጄ ባደግሁባት በዚህች ከተማ ውስጥ፣ በሚያዝያ መጨረሻ አንድ ቅዳሜ፣ እንደ እንግዳ ልዞር ወጣሁ። ጠዋት የድሮው ባቡር ጣቢያ፣ ረፋዱ ላይ ቀፊራ ገበያ፣ ከሰዓት በኋላ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሬ ወደ ከዚራ መመለስ ነበር ሐሳቤ። ከዕቅዱ አንዱም እንደታሰበው አልሆነም።

ከሳቢያን ሰፈር የያዝኳት ባጃጅ ግማሽ መንገድ ሳትሄድ የኋላ ጎማዋ ተነፈሰ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ወርዶ አየት አደረገና «አቦ አታስብ፣ ጎማ ነች» አለኝ። ትርፍ ጎማው ራሱ ነፋስ አልነበረውም። ሁለት ሌሎች ባጃጆች ሳይጠሩ ቆሙ፤ አንደኛው ጎማ አበደረ፣ ሌላኛው ያለ ክሪክ ባጃጇን በትከሻው ደግፎ ያዘ። እስኪጠግኑ ድረስ አጠገባችን ካለችው ቁርስ ቤት ተቀመጥኩ። ፉሉ በሸክላ እየተንተከተከ መጣ፤ ላዩ ላይ ዘይት፣ ቃሪያና ቀይ ሽንኩርት፣ ጎኑ ላይ ትኩስ ዳቦ። ከፍሎ የሚወጣ ሰው ሁሉ «ሳምቡሳ ቅመሱልኝ» እያለ ወደ ጎረቤት ጠረጴዛ ሳህን ይገፋል። ድሬ ላይ የማያውቁት ሰው ሳህን ላይ እጅ መስደድ ነውር አይደለም፤ ነውሩ እምቢ ማለት ነው።

ከዚራ ስገባ ረፍዷል። ከዚራን ፈረንሳዮቹ ናቸው በማስመሪያ ያሰመሯት፤ መንገዶቿ ሰፊና ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ግራና ቀኙን ዛፍ ይዞታል። ገና በጠዋቱ ፀሐይዋ አናት ትበሳለች፤ ከተማዋ የተቀመጠችው 1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ከደጋ የመጣ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ጥላ ነው። ቅጠሉ እንደ ላባ የረቀቀው፣ ሌላው አገር «የድሬዳዋ ዛፍ» ብሎ የሚጠራው ዛፍ ቀይ አበባው በየአጥሩ ላይ መፍካት ጀምሯል።

ጣቢያው በር ላይ ስደርስ የጉብኝቱ ሰዓት አልፎ ነበር። ውስጥ ያሉትን አሮጌ ባቡሮች፣ ሊቶሪና የሚባሉትን የመንገደኛ ባቡሮችና የጥገና ጋራዡን ማየት እንደማልችል ሳውቅ ቅር አለኝ። ከበሩ ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ግን አንድ አዛውንት ተቀምጠው ነበር፤ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኛ ናቸው። ሰላምታ ሰጥቻቸው «አባባ፣ እርስዎ እዚህ ሠርተዋል?» ስላቸው፣ መጀመሪያ በፈረንሳይኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ መለሱልኝ። ባቡሩ የፈረንሳዮች ስለነበር የድሬ ሐዲድ ሠራተኛ ፈረንሳይኛ የሚማረው ከመፍቻና ከመዶሻ ጋር ነበር።

አዛውንቱ ከዘራቸውን አፈር ላይ አጋደሙና «ይኸን ታህላለች ስፋቷ» አሉኝ። የድሮው ሐዲድ ወርድ አንድ ሜትር ብቻ ነው። ጥበቱ ባቡሩን በጠባብ ኩርባ እንዲዞር ስለሚያስችለው፣ ለተራራማ አገር ይመች ነበር። «ስትዞር የኋላው ፉርጎ በመስኮት ይታይሃል፤ እጅህን አውጥተህ ሰላም ልትለው ትችላለህ።» ከጅቡቲ አዲስ አበባ ያለውን 784 ኪሎ ሜትር በጣቢያ በጣቢያው ዘረዘሩልኝ፤ አይሻ፣ ድሬ፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ ናዝሬት። ስሙን ሲጠሩ ከዚያ ጣቢያ የሚበላውንም ይጠራሉ። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከከተማው ወጣ ብሎ ነው የሚያልፈው። ፈጣን መሆኑን አዛውንቱም አይክዱም። የከፋቸው፣ ባቡር መጣ ተብሎ ከተማው ሁሉ ወደ ጣቢያ የሚወጣበት ሰዓት መቅረቱ ነው። በሩ ተከፍቶልኝ ቢሆን ብረት አይቼ እወጣ ነበር፤ ስለተዘጋ ብረቱን ሲያሽከረክር የኖረ ሰው አገኘሁ።

ከዚያ ወደ መጋላ ተሻገርኩ። መጋላ የከዚራ ተቃራኒ ናት፤ መንገዷ ይጠማዘዛል፣ ግድግዳዋ ነጭ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው፣ ቤቱ ከቤቱ ተደጋግፏል። ቀፊራ ገበያ በዓረብ ስልት የታነፀው ቅስት ያለው በር አለው። በጠዋት የሄደ ሰው ከገጠር የመጡ የኦሮሞና የሶማሌ እናቶች በዶቃና በደማቅ ሻሽ ደምቀው፣ ግመሎች እንጨት ተሸክመው ያገኛል። እኔ የደረስኩት ስድስት ሰዓት አልፎ ነው፤ ሱቁ ሁሉ ተዘግቷል። ድሬ ቀትር ላይ ትተኛለች። ሙቀቱ ሥራ አያሠራም፤ ከአወዳይ የወረደው ጫትም በዚሁ ሰዓት ነው የሚደርሰው፤ ስለዚህ የሚያርፈው ያርፋል፣ የሚቅመው ለበርጫ ይቀመጣል።

አንድ የጨርቅ ነጋዴ ግማሽ በግማሽ በዘጋው በሩ ሥር አይቶኝ «ምን ፀሐይ ላይ ያስቆምሃል? ግባ እንጂ» አለኝ። ከሱቁ ጀርባ ያለው ግቢ ቀዝቃዛ ነበር፤ መሬቱ ውኃ ተርከፍክፎበት ምንጣፍ ተነጥፏል። የቤቱ እናት የቡና ገለባ ከወተት ጋር አፍልተው አቀረቡልኝ፤ ጨው ነካ ያደረገ፣ ጉሮሮ የሚያለሰልስ መጠጥ ነው። እዚያ ተቀምጬ ጨዋታውን ሳዳምጥ፣ ወሬው በኦሮምኛ ተጀምሮ፣ ዋጋ ላይ ሲደርስ ሶማልኛ ሆኖ፣ ልጅ ሲቆጡ አማርኛ ገብቶበት፣ ምርቃቱ በዓረብኛ ያልቃል። ማንም ለማንም አያስተረጉምም። ድሬ ውስጥ ቋንቋ የሚማሩት ጎረቤት ቤት ምሳ ሲበሉ ነው። ድምፃዊው አሊ ቢራም የዚህችው ከተማ ልጅ ነው፤ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛ፣ በሶማልኛና በዓረብኛ የዘፈነ ሰው ከሌላ ሰፈር ሊወጣ አይችልም ነበር። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ሲያርፍ ያለቀሰለት ሕዝብ ስንት ቋንቋ እንደሚናገር የድሬ ሰው ያውቃል።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን አመስግኜ ወጣሁ። ወደ ከዚራ የሚመልሰው አቋራጭ በደቻቱ አሸዋ ላይ ነው። ደቻቱ ከተማዋን ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ቢሆንም ዓመቱን አብዛኛውን ደረቅ አሸዋ ነው፤ ልጅ ኳስ ይጫወትበታል፣ መንገደኛ ያቋርጠዋል። በላያችን ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር። በደንገጎ በኩል ግን ተራራው ጠቁሯል። ወደ አሸዋው ልወርድ ስል ከወዲያ ማዶ ወጣቶች ማፏጨት ጀመሩ፤ ፉጨቱ ከዳር ዳር ተቀባበለ፣ ኳስ ተጫዋቾቹ ልብሳቸውን አንሥተው ሮጡ። መጀመሪያ የመጣው ውኃ ቁርጭምጭሚት አይሞላም ነበር፤ ገለባ፣ ላስቲክና የፕላስቲክ ጠርሙስ ከፊቱ እየገፋ፣ አረፋ ደፍቆ፣ ሰው በሚራመድበት ፍጥነት አሸዋውን እየላሰ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ ቡናማው ጎርፍ ከዳር እስከ ዳር ሞላ።

ድሬ ላይ ይህን ማንም እንደ ትርዒት አያይም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ ይኸው ወንዝ ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ወስዷል። ቤቱንና ቤተሰቡን ያጣው ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ ከግንቡ ይልቅ ግን ያመንኩት ያንን ፉጨት ነው። የሚያፏጩት ልጆች አንዳንዶቹ ያኔ አልተወለዱም ነበር። ደጋው ሲጠቁር ዓይንህን ከአሸዋው አትንቀል የሚለውን ትምህርት ከወላጆቻቸው ተቀብለዋል። አጠገቤ የቆመች እናት ልጇን በእጇ አጥብቃ እንደያዘች ውኃውን እስኪጎድል ስታየው ቆየች።

በድልድዩ ዞሬ ከዚራ ስደርስ መሽቷል፤ መብራትም ጠፍቷል። በሌላ ከተማ መብራት ሲጠፋ ሰው ወደ ቤቱ ይገባል። ድሬ ወደ ውጭ ትወጣለች። ወንበር ከየበሩ ወጣ፤ ምሽቱን ነፋስ መንፈስ ጀምሯል። የመንገድ ዳር ባጅያ ጠባሿ ከሰሏ መብራት አይፈልግም፤ ትኩሱን ባጅያ በጋዜጣ ጠቅልላ፣ የሚያቃጥለውን ቢስባሷን ጨምራ ሰጠችኝ። ጠዋት ጎማ የተነፈሰበት የባጃጅ ሾፌር ከሩቅ አውቆኝ «አቦ፣ ጣቢያውን አየኸው?» ብሎ ጮኸ። አዛውንቱን ነገርኩት። «እሳቸው ካወሩህ ጣቢያው ምን ያደርግልሃል!» አለኝ።

እውነቱን ነው የተናገረው፤ ሆኖም ለእኔ አይበቃኝም። አዛውንቱ ሁልጊዜ ዛፉ ሥር አይቀመጡም። የሊቶሪናው ብረት ሊጠበቅ ይገባል፤ ከብረቱ እኩል ደግሞ ፈረንሳይኛ የሚያውቁ መካኒኮች የነገሩት ሊጻፍ፣ ድምፃቸውም ሊቀረጽ ይገባል። ዛሬ ድሬ ነፃ የንግድ ቀጠና፣ ኢንዱስትሪ ፓርክና ፈጣን ባቡር አላት፤ ሁሉም ሥራና ዕቃ እንዲፈጥን የተሠሩ ናቸው። ማደጓ ደስ ይለኛል። የድሬን ሰው የሠራው ግን መቆሙ ነው፤ ጎማው ሲተነፍስ ሌላው የሚቆምለት፣ ቀትር ላይ በሩን ለማያውቀው የሚከፍተው፣ ጎርፍ ሲመጣ ለማዶው ሰው የሚያፏጨው። ከተማዋን የሚያቅድ ሁሉ ለመኪናው ሰፊ መንገድ ሲያስብ፣ ለእግረኛው ጥላና መቀመጫም አብሮ ያስብ። ድሬ የተመሠረተችው መንገደኛ ወርዶ በሚያርፍበት ቦታ ላይ ነውና።