ማን ሞቶባችሁ ነው?

በእኛ አገር ሻንጣ ይዞ ከሰፈር የሚወጣ ሰው ሦስት ዓይነት ነው፤ ወይ ለቅሶ ሊደርስ፣ ወይ ሠርግ ሊበላ፣ ወይ ስለት ሊያገባ። «እንዲያው አገር ለማየት ነው» የሚል አራተኛ ዓይነት ከተገኘ ወይ ፈረንጅ ነው፣ ወይ ጤናው ያሳስባል። እኔና ባለቤቴ በ2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ከአራተኛው ወገን ለመሆን ቆርጠን ተነሣን። ወደ ሀዋሳ፣ ለሦስት ቀን፣ ሐይቅ ለማየት። ሌላ ጉዳይ የለንም።

ድንገት የመጣ ሐሳብ አይደለም፤ የቆየ ዕዳ ነው። በ1988 ዓ.ም. ስንጋባ «ምጽዋ ወስጄ ባሕር አሳይሻለሁ» ብያት ነበር። የመጀመሪያው ዓመት ደመወዝ በቤት ኪራይ አለቀ። የሁለተኛውን የታናሽ እህቴ ትምህርት ቤት ዋጠው። ግንቦት 1990 ላይ ደግሞ ጦርነቱ መጣና መንገዱ ራሱ ተዘጋ። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ድንበሩ ሲከፈት ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ቀና ብላ አየችኝ። «እስቲ ትንሽ ይረጋጋ» አልኩ። በዚያው ዓመት ተመልሶ ተዘጋ። እንግዲህ ባሕር ብዬ ቃል የገባሁላትን ሴት ከሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ሐይቅ ላሳያት ነው።

በጀታችን 10,000 ብር ነው። ሒሳብ የምትይዘው እሷ ናት፤ ዕድሜውን ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የኖረ ሰው ገንዘብ ላይ አይታመንም። በልጆቻችን አሮጌ ደብተር ላይ መደብ መደብ አድርጋ ጻፈችው፤ መጓጓዣ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ ጀልባ፣ ያልታሰበ። «ያልታሰበ ብለሽ ከጻፍሽውማ ታሰበ እኮ!» አልኳት፣ የተራቀቅሁ መስሎኝ። በፈተና ሰሞን ተማሪዎቼ ያዩኝ በነበረው ዓይን አየችኝ።

ዓርብ ገና ጎህ ሲቀድ ሻንጣችንን ይዘን ስንወጣ፣ ከእኛ ሦስተኛው ግቢ ያሉት እትዬ በራፋቸውን ይጠርጋሉ። መጥረጊያቸውን አቆሙ። ፊታቸው ወዲያው ለሐዘን ተዘጋጀ።

«ምነው ልጆቼ፣ በደኅና ነው? ማን ሞቶባችሁ ነው?»

ታዲያ እኔ ምን አልኩ? «ሐይቅ ልናይ ነው» ማለት አቃተኝ። «አይ፣ ሰው አልሞተም፤ የታመመ ዘመድ ልንጠይቅ ነው» አልኩ። «እግዜር ይማርላችሁ» ብለው አሳለፉን። ባለቤቴ እስከ ሞጆ አላናገረችኝም። ሞጆን ስናልፍ ብቻ፣ «ለመሆኑ በሽተኛው ማነው?» አለችኝ።

መቼም የመምህርነት ነገር አይለቅም፤ መንገዱን ሁሉ ሳሰላስል የቆየሁት ስለ ሁለት ሴቶች ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ በታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ውስጥ ጦቢያ መንገድ የምትወጣው የወንድ ልብስ ለብሳ ነው። ከሃምሳ ስምንት ዓመት በኋላ በወጣው «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ሰብለ ወንጌል በዛብህን ፍለጋ ስትወጣ መነኩሴ መስላ ነው። ሁለቱም ራሳቸውን ሆነው መንገድ መውጣት አልቻሉም። እኔም በ2017 ዓ.ም. የራሴን ሚስት የበሽተኛ ጠያቂ አስመስዬ ነው ከሰፈሬ ያስወጣኋት።

ሀዋሳ ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከመናኸሪያ በባጃጅ ፒያሳ ደረስን፤ «ማዘር፣ ፋዘር፣ እንኳን ደኅና መጣችሁ» አለን ሾፌሩ። ፒያሳ ጀርባ ርካሽ ፔንስዮን አገኘን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አንሶላው ግን ንጹሕ ነው፤ ባለቤቴ ሁለቴ ገልጣ አረጋግጣለች።

ስለ ፒያሳ አንድ ነገር ልበል። ቃሉ የጣሊያን ነው። ጣሊያን ግን ከኢትዮጵያ የወጣው በ1933 ዓ.ም. ሲሆን፣ ሀዋሳ በከተማነት የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የሀዋሳ ፒያሳ ጣሊያን ያልረገጠው ፒያሳ ነው ማለት ነው። ስሙን ይዘው የመጡት ጣሊያኖች ሳይሆኑ እኛው ነን፤ መሐል ከተማ ያለ ፒያሳ አይሆንልንም። የአዲስ አበባው ፒያሳ ሰፊ ክፍል በ2016 ዓ.ም. ለኮሪደር ልማት ፈርሷል። እኔና ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ማኪያቶ የጠጣንበት ቤትም አብሮ ሄዷል። ሀዋሳ ፒያሳ ላይ ተቀምጠን ማኪያቶ ስናዝዝ፣ «ይኼኛው ፒያሳ ገና አለ» አለችኝ። ደብተሩን አውጥታ «ምግብ» ከሚለው ሥር መዘገበችው።

ከፒያሳ ወደ ሐይቁ በእግር ወረድን፤ የባጃጅ ሒሳብ ተረፈ። የከተማዋ ስም በሲዳምኛ ሰፊ ውኃ ማለት ነው ይባላል። እኛ በወጣትነታችን «አዋሳ» ብለን ነበር የምንጽፈው። ያኔ እንዲያ የምንላት ከተማ ዛሬ፣ ከሰኔ 2012 ዓ.ም. ወዲህ፣ የሲዳማ ክልል መዲና ናት። ሐይቁ ወደ 90 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ይሰፋል። ጥቁር ውኃ የሚባለው ወንዝ ይገባበታል፤ ከእሱ የሚወጣ ወንዝ ግን የለም። እንዲህ መውጫ ያጣ ሐይቅ ጨው ይሆናል፤ ጎረቤቶቹ ሻላና አቢጃታ እንደዚያ ናቸው። የሀዋሳ ውኃ ግን ጨው አልሆነም። በመሬት ውስጥ ለውስጥ እየሰረገ የሚሄድበት መንገድ አለው ይላሉ አጥኚዎች።

ባለቤቴ ፍቅር ሐይቅ ዳር ስትደርስ ቆመች። ብዙ ቆመች። አንድ ነገር ትላለች ብዬ ስጠብቅ፣ «ይኼን ያህል ነው እንዴ?» ብቻ አለች። ጀልባ ነጂው ባርኔጣዬን አይቶ ከውጭ የመጣሁ መስሎት ኖሮ፣ የጠራው ዋጋ የጀልባ መደባችንን በሙሉ የሚጠርግ ነበር። እሷ ናት የገባችበት። «ልጄ፣ እኛ ጡረታ እየጠበቅን ያለን ሰዎች ነን» ብላ ከአምስት ተማሪዎች ጋር አዳበለችን። መሐል ውኃ ላይ ከሩቅ የጉማሬ ጆሮ አየን። ተማሪዎቹ ጮኹ። እሷ ክንዴን ጨብጣ ዝም አለች።

ቅዳሜ ጠዋት አሞራ ገደል ሄድን። ዓሣ አስጋሪዎቹ ጀልባቸውን ወደ ዳር ይገፋሉ፤ ልጆች ቆሮሶውን በጥርሳቸውና በቢላዋ ይገፍፋሉ፤ አባ ኮዳዎች እንደ እድር ዳኞች ጎበጥ ብለው ትርፍራፊ ይጠብቃሉ። የተጠበሰ ዓሣ አዘዝን። ገና እጃችንን ሳንታጠብ ስልኬ ጮኸ። የእድራችን ጸሐፊ ነው። የእትዬ ባለቤት፣ እኚያ ደኅና የነበሩት ጋሼ፣ ሌሊት አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ነው።

ሰዓቴን አየሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል። አሁኑኑ መናኸሪያ ብንሄድ፣ መኪናው ቶሎ ቢሞላ፣ መንገዱ ባይዘጋ፣ ለጥቂት እንደርሳለን። ተነሣሁ። ባለቤቴ አልተነሣችም።

«የምትሄደው ለእሳቸው ብለህ ነው ወይስ ለሰው አፍ?»

እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ጋሼ አባቴ ሲሞቱ ድንኳኑን በእጃቸው የተከሉ ሰው ናቸው፤ ሦስት ሌሊት ከእኔ ጋር አድረዋል። የእሳቸው ውለታ አለብኝ። ግን ደግሞ እንድነሣ ያደረገኝ ውለታው ብቻ አልነበረም። «የታመመ ሊጠይቁ» የተባልን ሰዎች የት ነበራችሁ ስንባል የምንለው ስላልነበረኝም ነው። ሁለቱን መለየት አቃተኝ፤ እስከ ዛሬም አልለየሁትም።

«ስንቀብር ኖርን» አለች፣ ዓሣውን ሳታይ። «የአንተን ወገን ቀበርን፣ የእኔን ወገን ቀበርን፣ ጎረቤት ቀበርን። ተሳስተናል አልልም፤ ሲመጣብን እነሱም ደርሰውልናል። ግን ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ለእኛ ብለን ቀርተን እናውቃለን?»

እድርን እዚህ ላይ ልከስስ አልፈልግም። ባንክ ባላበደረን ጊዜ፣ መሥሪያ ቤት በረሳን ጊዜ ያልረሳን እድር ነው። የእኔ ነገር ሌላ ነው። ለሞተ ሰው መንገድ ለመውጣት ማንንም ፈቃድ አንጠይቅም፤ ገንዘብ ከሌለን ተበድረን እንሄዳለን። አብሮን ላለ ሰው ግን ገንዘብ ሲኖረን እንኳ እናፍራለን፣ ምክንያት እንፈጥራለን። ድህነታችን የኪስ ብቻ ይመስለን ነበር።

ቀረን።

ከሰዓት በኋላ ታቦር ተራራ ላይ ወጣን። ተራራ ይባል እንጂ ጉብታ ነው፤ ለሃምሳ ሰባት ዓመት ጉልበት ግን ተራራ ነው። ሁለት ጊዜ አረፍን። ከላይ ሲታይ ከተማዋ በአንድ ወገን፣ ሐይቁ በሌላ ወገን ተዘርግቷል። ልክ በዘጠኝ ሰዓት ባለቤቴ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፊቷን ወደ ሰሜን፣ ወደ አዲስ አበባ አድርጋ ትንሽ አለቀሰች። እኔም ጋሼ ድንኳን ሲተክሉ ታዩኝ። ከዚያ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰች። «በል አሁን አሳየኝ፤ ፒያሳ የቱ ጋ ነው?» አለች። በጣቴ አሳየኋት።

እሑድ ጠዋት ከመሳፈራችን በፊት እንደገና ሐይቁን ልንሰናበት ወረድን። በጉዱማሌ በኩል አለፍን፤ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው የሲዳማ ፍቼ ጫምባላላ የሚከበርበት ሜዳ ነው። ዳርቻው በወጣት ተሞልቷል። አንዳንዶቹን አነጋገርናቸው፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ የስፌት ሠራተኞች ናቸው፤ ዕረፍታቸው ነው። ለሦስት አንድ አምቦ ውኃ ገዝተው፣ በአንድ ስልክ ተራ በተራ ፎቶ ይነሣሉ። ማንም «ማን ሞቶባችሁ ነው?» አላላቸውም። አራተኛው ዓይነት ሰው ሳላውቀው ተወልዶ፣ አድጎ፣ ደመወዝ መቀበል ጀምሯል። እኛ ነን የዘገየነው።

ማታ አዲስ አበባ እንደ ደረስን ሻንጣችንን ቤት እንኳ ሳናስገባ ቀጥታ ድንኳኑ ገባን። የሁለታችንም ፊት በፀሐይ ተለብልቧል። «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ብለን ተቀመጥን። እትዬ ድምፃቸው በልቅሶ ተዘግቷል። እጄን ያዙኝና፣ በዚያ ሐዘናቸው መካከል፣ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው?

«በሽተኛው እንዴት ሆነላችሁ?»

መሬት ብትከፈት በገባሁ። ንፍሮ የምታድለው ሴትዮ ሳትቀር ቆማ መልሴን ጠበቀች። የመለሰችው ባለቤቴ ናት።

«እትዬ፣ በሽተኛ የለም። ሐይቅ ልናይ ነው የሄድነው። ቀብራቸው ላይ ያልተገኘነው ለዚያ ነው። ይቅር ይበሉን።»

ድንኳኑ ጸጥ አለ። ከወንዶቹ በኩል የካርታ ድምፅ ቆመ። እትዬ ለረጅም ጊዜ ባለቤቴን አይዋት።

«ውኃው ብዙ ነው?» አሉ በመጨረሻ።

«ብዙ ነው፣ እትዬ። ዳር ማዶው በግድ ነው የሚታየው።»

«እሱ ለሥራ ሲሄድ ላንጋኖን አይቶት ነበር። ሲመለስ ይነግረኛል። አንድ ቀን ወስጄ አሳይሻለሁ ይለኝ ነበር፤ በዚህ ሲል በዚያ ሲል ቀረ።» እንባቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። «እስቲ ንገሪኝ። ከመጀመሪያው ጀምረሽ ንገሪኝ።»

ባለቤቴ ጠጋ ብላ ነገረቻቸው። ጀልባውን፣ የጉማሬውን ጆሮ፣ አባ ኮዳዎቹን፣ ታቦርን፣ ነጠላዋን ያዘቀዘቀችበትን ድንጋይ። ሌሎቹም ሴቶች ጆሯቸውን ሰጡ። እኔ ከወንዶቹ ጋር ሆኜ ካርታ የያዝኩ መሰልኩ እንጂ የማዳምጠው እሷን ነበር።

እድሩ ደንቡን አልረሳም፤ ከቀብር ስለ ቀረን 200 ብር ተቀጣን። ከፈልን። ባለቤቴ ደብተሯን አውጥታ «ያልታሰበ» ከሚለው ሥር ጻፈችው። ሒሳቡ ሲዘጋ 640 ብር ተርፎናል። የተረፈውን ወደ አዲስ ገጽ አዛወረችና እንደገና መደብ መደቡን ጻፈች፤ መጓጓዣ፣ መኝታ፣ ምግብ፣ ጀልባ፣ ያልታሰበ። ከላይ ግን አንድ ነገር ተጨምሯል፤ «የጋሼ ዓመት ሲወጣ፣ ለሦስት ሰው።»