«ዛሬ አይሆንም» ያለው አሰልጣኝ

ስለ ስኩባ ዳይቪንግ ልንጽፍላችሁ ነው ስንል ፈገግ ትሉ ይሆናል። አየር የሞላ ሲሊንደር በጀርባ አዝሎ ባሕር ውስጥ መግባት ለብዙዎቻችን እንግዳ ነገር ነው። ሥራ ወደ ዱባይ ወስዶን እኛ ባልና ሚስት ኮርሱን በፉጃይራ ስንማር ግን፣ ገንዘብና የሰው ሕይወት ሲጋፉ በቅርብ አየን።

የመጀመሪያው ደረጃ «ኦፕን ዎተር» ይባላል፤ ያለፈ ሰው እስከ 18 ሜትር እንዲጠልቅ ይፈቀድለታል። ድርጅቶቹ የሚፎካከሩት በዋጋና በቀን ነው፤ አንዱ አራት ቀን ሲል ሌላው በሦስት ቀን እንጨርሳለን ይላል። ዋጋው ሲወርድ የሚቀነሰው ጀልባው አይደለም፣ ነዳጁም አይደለም፤ ገንዳ ውስጥ የሚቆዩበት ሰዓት ነው። ርካሹን የሚመርጠው ደንበኛም እጁ አለበት።

ያ ሰዓት ለምን እንደሚያስፈልግ እስቲ በቀላሉ እንንገራችሁ። 10 ሜትር ውሃ ሥር ያለው ግፊት ከላይ ካለው እጥፍ ነው። እዚያ አየር ስቦ ሳንባውን የሞላ ሰው ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወጣ፣ አየሩ እየሰፋ ሄዶ ከውሃው በላይ ሲደርስ እጥፍ ሊሆን ይሻል። ሳንባ ይህን ያህል መለጠጥ አይችልም፤ ይቀደዳል። አየሩም ወደ ደም ሥር ገብቶ አንጎል ድረስ ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሕግ ትንፋሽ አለመያዝ ነው። ሕጉን ደረቅ መሬት ላይ ማስታወስ ቀላል ነው፤ የሚከብደው ውሃ በድንገት አፍንጫ ውስጥ ሲገባ ነው። ያኔ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ቆልፎ ወደ ላይ መሮጥ ይፈልጋል። ማስክን ውሃ ውስጥ አውልቆ፣ በአፍ ብቻ እየተነፈሱ መልሶ ማጥለቅና ውሃውን በአፍንጫ ትንፋሽ ማስወጣት የሚባለው ልምምድ ይህን ድንጋጤ ለመግራት ነው። አንድ ጊዜ ተሳካ ማለት ተለመደ ማለት አይደለም።

ከሁለታችን ለአንዳችን ይህ ልምምድ አልሆነለትም፤ ማን እንደሆነ በቤታችን ስምምነት አይጻፍም። ሦስት ጊዜ ሞክሮ ሁለቱን ደንግጦ ወደ ላይ ብድግ አለ። የድርጅቱ ባለቤት ገንዳው ዳር ቆሞ ሰዓቱን ያያል። ጀልባው ተዘጋጅቷል፣ ከሰዓት ሌላ ቡድን አለ። «ባሕር ላይ ይለምደዋል፣ ውሰዳቸው» አለ።

አሰልጣኛችን ወጣት ግብፃዊ ነው። የሚከፈለው በተማሪ ቁጥር እንደሆነ ቀደም ብሎ አጫውቶን ነበር። «ዛሬ አይሆንም» አለ፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። ባለቤቱ በዐረብኛ ብዙ ተናገረው፤ ቃሉ ባይገባንም ፊቱን ማንበብ አላቃተንም። አራቱ ተማሪዎች ከሌላ አሰልጣኝ ጋር ሄዱ፤ እኛ ገንዳው ውስጥ ቀረን። ያንኑ አንድ ልምምድ ሃያ ጊዜ ያህል ደጋገምነው። የባሕሩን ትምህርት ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰን ስንጨርስ እርሱ እዚያ አልነበረም። ካርዳችንን የፈረመልን ሌላ ሰው ነው። ለምን እንደሄደ የነገረን የለም።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2020 በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ ግላሲየር ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ባለ ሐይቅ አንዲት የ18 ዓመት ተማሪ በትምህርት ላይ ሳለች ሞተች። የለበሰችው ልብስ ውሃ የማያስገባና ወደ ታች ሲወረድ አየር የሚጨመርበት ዓይነት ነበር፤ አየር የሚያስገባው ቱቦ ግን አልተገናኘም ነበር። በቀላሉ አውልቃ የማትጥለው 20 ኪሎ ገደማ እርሳስም ተሸክማለች። ቱቦው ካልተገኘ ዛሬ አንገባም የሚል አንድ ሰው ይበቃ ነበር።

ተማሪ ከመጥለቁ በፊት የሚፈርማቸው ወረቀቶች አሉ። አንዱ የጤና መጠይቅ ነው፤ አስም አለ ወይ ይላል፤ አዎ ያለ ሰው ሐኪም ካልፈቀደለት አይጠልቅም። የቢሮዋ ልጅ «ሁሉንም አይ በሉ፣ ይቀልላችኋል» አለችን። ውሸት እንዲህ በትሕትና፣ ከነእስክሪብቶው ሲቀርብልን የመጀመሪያችን ነው። ከመካከላችን በልጅነቱ አስም የነበረበት ስላለ ሐኪም ጋ ሄድን። ሌላው ወረቀት ደግሞ አደጋ ቢደርስ ድርጅቱ እንዳይከሰስ የሚያስፈርመው ነው።

ዘዳግም 22፥8 ላይ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም እንዳይወድቅ በጣራው ዙሪያ መከታ እንዲያበጅ ታዝዟል። ትእዛዙ ለእንግዳው አይደለም፤ ተጠንቅቀህ ተራመድ አልተባለም። ለባለቤቱ ነው፤ ደሙም የሚጠየቀው ከእርሱ ነው። መከታ ኪራይ አያስገባም፤ ድንጋይና የሠራተኛ ቀን ግን ይፈጃል። ያ የፈረምነው ወረቀት ይህን ሥርዓት ገልብጦታል።

መማር የምታስቡ ካላችሁ ዋጋውን ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ልምምዱ ያልሆነለት ሰው ምን እንደሚደረግና ተጨማሪ የገንዳ ቀን እንደሚያስከፍል ጠይቁ። ሲመልሱላችሁ ፊታቸውን እዩ።

አንድ ነገር ደግሞ ለእኛ አገር ሰው በተለይ። ለእረፍት ወደ አገር ቤት ስትገቡ በመጨረሻው ቀን «አንዴ ልጥለቅና» አትበሉ። ውሃ ሥር በሰውነት ውስጥ የሚሟሟው ናይትሮጅን የሚወጣው ቀስ ብሎ ነው፤ ደጋግሞ የጠለቀ ሰው ከመብረሩ በፊት ቢያንስ 18 ሰዓት እንዲቆይ ይመከራል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ እንዳለ አየር ሊሳሳ ይችላል። አዲስ አበባም ከዚህ ብዙም አታንስም፤ ቦሌ ስትወርዱ እንኳ ገና ተራራ ላይ ናችሁ። በረራችሁ እሑድ ጠዋት ሆኖ ለቅዳሜ ከሰዓት የጀልባ ቦታ በቅናሽ ቢያቀርቡላችሁ፣ ጀልባው ያለ እናንተ ይሂድ።