ከዕዳ ዝርዝሩ የጠፉት ሰዎች

 

ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። የሥራ ማስታወቂያ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው «ሰርተፍኬት ያለው ይመረጣል» በምትለው መስመር ላይ ነው። ለንግድ ድርጅቶች የሽያጭ፣ የዕቃና የዱቤ መዝገብ የሚይዙ ዳታቤዞችን መሥራት ስለምፈልግ፣ 1ዜድ0-071 የሚባለውን የኦራክል ኤስኪውኤል ፈተና ለመውሰድ ወሰንኩ። ክፍያው በዶላር ነው፤ ሁለቴ የምከፍለው ገንዘብ የለኝም።

ጭንቀቴን ያየ የዶርም ጓደኛዬ ከቴሌግራም ያወረደውን ፋይል ላከልኝ። «ዳምፕ» ይሉታል፤ ከፈተናው ወጡ የተባሉ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው ናቸው። «ሰው ሁሉ የሚያልፈው በዚህ ነው» አለኝ። እኔም ሦስት ሳምንት ሸመደድኩት። አንዱ ጥያቄ ስለ «ነል» ነበር። ነል ማለት ዜሮ ሳይሆን ምንም ያልተሞላበት ቦታ ነው። ከቁጥር ላይ ነል ቢቀነስ መልሱ ነል ይሆናል። ይህን ከእንቅልፌ ተቀስቅሼ ብጠየቅ እንኳ እመልስ ነበር።

በዚያው ሰሞን ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቼ ደሴ ሄድኩ። የጅምላ ሱቅ ያለው አጎቴ የዱቤ ደብተሩን ወደ ላፕቶፕ እንዳዞርለት ጠየቀኝ። በማይክሮሶፍት አክሰስ ሠራሁለት፤ አንድ ሰንጠረዥ ለደንበኞች፣ አንድ ለዱቤ፣ አንድ ለክፍያ። ከእያንዳንዱ ሰው ጠቅላላ ዱቤ ላይ የከፈለውን ቀንሶ፣ ቀሪ ዕዳ ያለባቸውን ብቻ የሚያወጣ ሪፖርትም ጨመርኩበት። አጎቴ መረቀኝ፤ ደብተሩንም መሳቢያ ውስጥ ከተተው።

በሁለተኛው ሳምንት ሪፖርቱን አገላብጦ አየና «አንተ ልጅ፣ ያ የስኳሩ ሰውዬ እስከ ዛሬ አንድ ብር አልከፈለኝም። ስሙ የታለ?» አለኝ። ፈለግን፤ የለም። ደብተሩን አውጥተን ብናመሳክር እንደ እሱ ያሉ ሌሎች አራት ሰዎችም ጠፍተዋል። በከፊል የከፈሉት ሁሉ አሉ። የጠፉት ጨርሶ ምንም ያልከፈሉት ናቸው! ክፍያ ስለሌላቸው የክፍያቸው ድምር ነል ሆነ፤ ዱቤው ሲቀነስም ቀሪው ነል ሆነ። «ከዜሮ የሚበልጠውን አሳይ» የሚለው ትእዛዝ ደግሞ ነልን አያሳይም።

ማስተካከያው ባዶውን ወደ ዜሮ የሚቀይር አንድ ትእዛዝ ነበር፤ በአክሰስ ኤንዜድ፣ በኦራክል ኤንቪኤል ይባላል። የስህተቱ ማነስ ግን አላጽናናኝም። መልሱን በቃሌ ይዤው ሳለ በገዛ እጄ ስሠራው አላወቅሁትም። አጎቴ ደንበኞቹን በስም ባያውቅ ኖሮ ገንዘቡ ቀርቶ ነበር።

ሰርተፍኬት ማለት የማያውቀኝ ነጋዴ መዝገቡን በእጄ እንዲጥል የሚያደርገው ወረቀት ነው። ይህ አማና ነው። በቁርኣን ረጅሙ አያ፣ የአል-በቀራ 282ኛው፣ ስለ ዕዳ መጻፍና ጸሐፊው በትክክል ስለመጻፉ መሆኑ ያን ምሽት ከወትሮው በተለየ ታወሰኝ። ዳምፕ መጠቀም የፈተናውን ውል ያፈርሳል፤ ከታወቀም ሰርተፍኬቱን ያሰርዛል። ሳይታወቅ ቢቀርስ የሚጎዳው ማነው? የስኳር ነጋዴው ነው።

ፋይሉን አጠፋሁት፤ ፈተናውንም አራዘምኩት። አሁን የማጠናው ትንንሽ ሰንጠረዥ ሠርቼ፣ ሆን ብዬ ክፍተት ትቼ፣ ውጤቱን በወረቀት ገምቼ ከዚያ በማስኬድ ነው። ግምቴ በተሳሳተ ቁጥር የማላውቀውን አገኛለሁ። ኢንሻአላህ ከሴሚስተሩ ፈተና በኋላ እቀመጣለሁ። ልወድቅና ገንዘቡን ላጣ እችላለሁ፤ ይህ ያስፈራኛል። ግን በዚያ ወረቀት የሌላ ሰው ዕዳ ቢጠፋ ይብሳል።

በዱዓችሁ አትርሱኝ። አብሮኝ ማጥናት የሚፈልግ ካለ ከዐስር ሰላት በኋላ ላይብረሪ አለሁ።

ወሰላሙ ዐለይኩም።